ከበሩ አናት ላይ የተሰቀለው ስፒከር

አንቲ ፎሱዋ፣ እንደምን አደሩልኝ? ጉልበትዎስ? … ኧረ አይነሱ፣ አይነሱ! ወንበሩን እኔው አመጣዋለሁ። ይኸው። ጥላው ሥር ይሻለናል። የሐርማታን ነፋስ አቧራው ዘንድሮ ጉድ እኮ ነው፤ አጥቤ ያሰጣሁት ልብስ ገመድ ላይ እንዳለ መልሶ ይቆሽሽብኛል። የእናንተ ግቢ ግን እንዴት ጽድት ብሏል! ቅጠል እንኳ ሳያስፈቅድ የሚወድቅ አይመስልም። ቤት የሚይዝ ሰው ሲኖር እንዲህ ነው።

ውሃውን ጠጥቻለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ቀዝቃዛ ነው። እንቁላል የምትጥል ዶሮ ነበረቻችሁ አይደል? … ታረደች? ውይ፣ ነፍሷን ይማር። ጥሩ ዶሮ ነበረች።

ያ መስኮት ክፍት ነው እንዴ? … አይዘጋ፣ አይዘጋ፤ ነፋሱ ይግባበት። ውስጥ ልብስ የሚተኩስ ሰው አለ መሰለኝ፣ የካውያው ሽታ እዚህ ድረስ ይመጣል። ሥራ ላይ ያለ ሰው መረበሽ ነውር ነው። በዝግታ እናወራለን። እኔ ደግሞ ድምፄ … ምን ላድርገው? ዕድሜዬን ሙሉ በስፌት መኪና ጩኸት ላይ ስጮህ ኖሬ፣ በዝግታ ማውራት የሚባለው ነገር ከየት ይምጣልኝ?

እንግዲህ «ምን እግር ጣለሽ?» ሳይሉኝ በወጉ ልናገር። ሰላም ነው፣ ክፉ ይዤ አልመጣሁም። እርስዎ የኒማኮ አክስት ነዎት፣ እኔ የአቺያ እናት ነኝ። ቅዳሜ ጧት ሰዎቻችሁ «ልጃችሁን ለልጃችን» ብለው በራችንን ሊያንኳኩ ታፎ ድረስ መጡ። አንኳኩ። አልተከፈተላቸውም። የማንኳኪያውን መጠጥ እንደ ታቀፉ ተመለሱ። እርስዎ በጉልበትዎ ምክንያት መኪናው ውስጥ ስለቀሩ፣ የሆነውን የሰሙት ከሌላ ሰው አፍ ነው። እኔ ደግሞ የመጣሁት የራሴን ላወራ ነው። ልከራከር አይደለም፤ ላስቅዎት ነው። የሚሳቅባትንም ከሩቅ አላመጣሁም፣ ይችው ፊትዎ የተቀመጠችው ዱፊ ልብስ ሰፊዋ ናት።

ነገሩ የጀመረው በአንድ ደግ ሰው ደግ ሐሳብ ነው። ልጄ አንድ እሑድ እዚህ ለጥየቃ መጥታ ስትመለስ ፊቷ ጠቁሯል። ምነው? አልኳት። «እማ፣ እናንተ ቤት ቴሌቪዥን አለ ወይ ተብዬ ተጠየቅሁ» አለችኝ። በዚያ አላበቃም፤ «ሽማግሌዎቻችን ሲመጡ ምን እያዩ ይቀመጣሉ፣ የእናትሽን የስፌት መኪና?» ተብላለች። ማን አለሽ? ብላት ስም አልጠራችም። እኔ ያሳደግኳት ልጅ ናት፣ ስም አትጠራም። እኔም አልጠራም።

አሁን ይህ ክፋት ነው? አንቲ፣ እውነቱን ይፍረዱ። እኔ እንደ ክፋት አላየሁትም። እንግዳ እንዳይሰለቸው መጨነቅ ነው። ገና ላልገባችበት ቤት፣ ገና ላልተቀመጠችበት ወንበር እንዲህ የምትጨነቅ ሴት ዛሬ የት ትገኛለች? የራሷን ጉዳይ ጥላ የሰው ጉዳይ የምታስብ? … የራሷ ጉዳይ እንኳ ብዙም የላትም ይባላል፤ ቢሆንም።

እኔ ግን ሞኝ ነኝ አይደል? በደግ ቃል መመከር ሲገባኝ እልህ ያዘኝ። ወደ ከጄትያ ገበያ ወረድኩና ሻጩን «ካለህ ሁሉ ትልቁን» አልኩት። «እማማ፣ ክፍልሽ ምን ያህላል?» አለኝ። «የጠየቅኩህ ስለ ቴሌቪዥኑ ነው፣ ስለ ክፍሌ ማን ጠየቀህ?» አልኩት። ሰውዬው አንዴ አየኝና ዝም ብሎ ጫነልኝ። ቤት ደርሶ ግድግዳው ላይ ሲቆም ግማሹ መስኮት ላይ ወጣ። ይኸውልዎ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሳሎኔ በቀትር ይጨልማል።

ቴሌቪዥኑ ብቻውን ቢሆን ምን ነበረበት? ሆም ቲያትር የሚሉትን፣ ያን ባለ ብዙ ሳጥኑን አብሬ ገዛሁ። ድምፁ ከፊትም ከኋላም ይመጣል፣ ዝናብ ሲዘንብ ጣራሽ ላይ ይመስልሻል፣ ምናምን ብሎ አሳመነኝ። «የሚገጥም ሰው ልላክልሽ?» አለኝ ሻጩ። እኔ? የሙሽራ ልብስ ቆርጬ የምገጥም፣ የወፍራምን ወገብ ቀጭን የማስመስል ሴት፣ አምስት ሳጥን ለመግጠም ሰው ልለምን? አላስፈልገኝም ብዬ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። ያን ደረት ዛሬ ባገኘው መርፌ እሰካበት ነበር።

ካርቶኑ ውስጥ ሥዕል ያለበት ወረቀት አለ። አንድ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ ሳጥኖቹ ዙሪያውን ከበውታል፤ ሦስቱ ከፊቱ፣ ሁለቱ ከኋላው። ከፊቱ ካሉት መካከል አጭሩ ልክ ከቴሌቪዥኑ ሥር ነው የሚቀመጠው። ለምን? ሰው ሲናገር ንግግሩ የሚወጣው በዚያ ስለሆነ። ይህን ያወቅሁት አሁን ነው፣ ከተዋረድኩ በኋላ። ያኔ ግን ወረቀቱን ያየሁት እንደ ልብስ ሞዴል ነው። ሞዴል ደግሞ እኔ ዘንድ እንዳለ ተሰፍቶ አያውቅም፤ እንደሚያምር አድርጌ እለውጠዋለሁ።

ረጃጅሞቹን ከቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ አቆምኳቸው፣ አማሩ። ትንንሾቹን ሁለቱን ከሶፋው ኋላ ሸሸግኳቸው። ያ አጭሩ ግን ከሥር ሳስቀምጠው የክር ማስቀመጫዬን መሰለኝና አስጠላኝ። እንዲህ ውድ ነገር ተገዝቶ መሬት ለመሬት? ዞር ዞር ስል ከመግቢያው በር አናት ላይ የባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ፎቶው የተሰቀለባቸው ምስማሮች ታዩኝ። ፎቶውን ወደ መኝታ ቤት አስገባሁና ሳጥኑን እዚያ ሰቀልኩት። እንግዳ ሲገባ ከራሱ በላይ ዘመናዊ ነገር ያይ ብዬ! አንቲ፣ በር ሲገባ ከራሱ በላይ ያለውን የሚያይ ሰው ዓይኑ የት ቢሆን ነው? ይህን እንኳ አላሰብኩም። ከበሩ በላይ ደግሞ ግድግዳው ክፍት ነው፣ የትንኝ ወንፊት ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ያ ሳጥን ሲናገር ወደ ውስጥም ወደ ውጭም ይናገራል። በረንዳው ላይ ለቆመ ሰው እንዲያውም አናቱ ላይ ነው የሚጮኸው።

ገመዶቹንስ ምን አደረግኋቸው ይበሉኝ! በመጋረጃው እጥፋት ውስጥ አሳልፌ ሰፋኋቸው። አንድም አይታይ። እስከ ዛሬ እጄን ይባርከውና፣ በሕይወቴ እንደዚያ የኮራሁበት ስፌት የለም። መጋረጃውን አጥባለሁ ያለ ሰው በመብራት ይሞታል እንጂ ሥራውስ ሥራ ነበር።

ከዚያ ማስነሣቱ መጣ። ወንድሜ አጃፖንግ ሊረዳኝ መጣ፤ ልጄ ዎፋ የምትለው፣ የቤተሰባችን አለቃ። እንግዶችን ተቀብሎ «ማን ነው?» ብሎ በሩን የሚከፍተው እሱ ነው፤ ወጋችን ነው፣ ያውቁታል። ዎፋ ትልቅ ሰው ነው፣ ሆዱም ትልቅ ነው፣ ለማሽን ግን ሕፃን ነው። መጀመሪያ ሥዕል መጣ፣ ድምፅ የለም። ገመዱን አዟዟርን። ድምፅ መጣ፣ ሥዕሉ ጠፋ። ሪሞቱን ስጫን፣ ስጫን፣ ጽሑፉ ሁሉ ወደ ቻይንኛ ተገለበጠ። የሪሞቱን ላስቲክ አላወለቅሁትም፤ ማን አዲስ ሪሞት ራቁቱን ይነካል? በላስቲኩ ላይ እኔ አንዱን ተጫንኩ ስል ጣቴ ሁለቱን ይጫናል። ከዚያ በኋላ የነካነው ሁሉ በግምት ነው። በመጨረሻ ዎፋ አንድ ነገር ሲጫን ረጃጅሞቹ ሳጥኖች «ዱም!» ሲሉ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ጨፈሩ። ዎፋ ሆዱን በሁለት እጁ ይዞ «እዚህ ነው የሚሰማኝ!» አለ። ከዚያ ወዲያ ማንም እንዳይነካው ከለከልኩ። እንዴት እንደሚቀነስ ግን አላወቅንም። መጥፋትና መጮህ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ደግሞ ምን እንዳሰብኩ ልንገርዎ? ይሳቁብኝ። ሰዎቻችሁ ሲገቡ ቴሌቪዥኑ በርቶ ይደርሱበታል። እኔ «ውይ፣ ይህ ነገር ከጧት ጀምሮ ሲጮህ» ብዬ፣ ሪሞቱን እንኳ ሳላየው፣ በአንድ ጣት አጠፋዋለሁ። እንደ ዘወትር ነገር። እንደማይገርመኝ። አንቲ ፎሱዋ፣ ይህን መስታወት ፊት ቆሜ ተለማመድኩት! በዚህ ዕድሜዬ! እጄን እንዲህ … ቀስ አድርጌ … እንዲህ። ያ የማላውቀው ደግ ሰው ያየኛል ብዬ።

ቅዳሜ ደረሰ። ልጄ መኝታ ቤት ናት፤ ተጠርታ «ይህን መጠጥ እንቀበል ወይ?» እስክትባል ድረስ መውጣት እንደሌለባት መቼም አልነግርዎትም። እኔና ዎፋ ሳሎን ለብሰን ተቀምጠናል። ፊልም ከፈትን፤ የኛው አገር ፊልም ነው፣ አንድ ነጭናጫ ሽማግሌ በሩ ላይ የመጣውን ሁሉ ሲያባርር የሚውልበት። በር የማይንኳኳበት ጊዜ የለም። ታዲያ ንግግሩና ማንኳኳቱ በየት በኩል ይወጣል? በእኔ በዚያ ሳጥን። የት ነው የተሰቀለው? በሬ አናት ላይ። ይኸውልዎ ብልሃቴ።

ፊልሙ «ኮ፣ ኮ፣ ኮ» ሲል ዎፋ ብድግ አለ። ልብሱን ትከሻው ላይ አስተካከለ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ «ማን ነው?» አለ በዚያ በአለቃ ድምፁ፣ በሩን ከፈተ። ማንም የለም። የጎረቤት ፍየል ብቻ። ተመልሶ ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ «ኮ፣ ኮ፣ ኮ»። አሁንም ብድግ፣ አሁንም ልብስ፣ አሁንም ፍየል። ያን ጊዜ ገባንና ሳቅን። እኔ እንባዬ እስኪፈስ ሳቅሁ። «ዱፊ፣ ይህ ነገር ሦስተኛ አያታልለኝም» አለና ዎፋ ሶፋው ላይ ተደላደለ።

ሦስተኛው የናንተ ነበር።

«ኮ፣ ኮ፣ ኮ» … «አጎ!» የሚል የ«ቤቶች» ጥሪ ሰማን። አልሰማንም ብል እዋሻለሁ፤ ሰማን። ዎፋ እንዲያውም ጣቱን አንሥቶ «ስሚ፣ ስሚ፣ የድምፁን ጥራት ስሚ! ሰውዬው ጉሮሮውን ሲጠርግ እንኳ ይሰማል» አለኝ። የናንተ ሽማግሌ ኦፓኒን ዶንኮር ነበሩ ጉሮሯቸውን የጠረጉት! እኔ ደግሞ «ልክ በራችን ላይ የቆሙ ነው የሚመስለው» አልኩ። እዚህ ላይ ይሳቁ እንጂ አንቲ። … እንደገና «አጎ!» ተባለ። ይህን ጊዜ የፊልሙ ሽማግሌ፣ ከበሩ አናት ላይ፣ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ፣ «እንደ መጣችሁ ተመለሱ! እኔ ቤት ለእናንተ የሚከፈት በር የለም!» ብሎ ጮኸ።

እኛስ ምን አደረግን? አጨበጨብን። ዎፋ ሶፋውን እየመታ «በላቸው!» አለ።

እንግዲህ ይታይዎት። የተከበሩ ሽማግሌዎች፣ መጠጥ ታቅፈው፣ በበዓል ልብሳቸው በረንዳ ላይ ቆመዋል። አናታቸው ላይ አንድ ወንድ ያባርራቸዋል፣ ከውስጥ ጭብጨባና ሳቅ ይከተላል። እኔ ብሆን ተመልሼ ብቻ አልሄድም፣ ድንጋይ ወርውሬ ነው የምሄደው። ሰዎቻችሁ ጨዋ ናቸው፣ ዝም ብለው ሄዱ። በእነሱ አልፈርድም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ የማን ይሆናል?

ከዚያ መብራት ጠፋ። ድርግም! ያ ሁሉ ጩኸት በአንዴ ሲቆም የመኪና ሞተር ሲነሣ ሰማን። ዎፋን አየሁት፣ አየኝ። «ዱፊ … ይህም ፊልሙ ነው?» አለኝ። መብራት እኮ የለም! ጫማዬን ሳላደርግ ወጣሁ፣ አቧራውን ብቻ አገኘሁት። በዚያ በበዓል ልብሴ መንገዱ መሃል ቆሜ መኪናችሁ ሲታጠፍ አየሁ። ያን ሰዓት፣ አንቲ፣ ምንም አላሳቀኝም።

ከመንገዱ ማዶ ፕላንቴይን ሙዝ የምትጠብሰው ፖኩዋ አለች አይደል? ይቺ ሴት ነገር አታበዛም፣ ዘይቷ እንዳያርርባት ነው የምትፈራው። እሷ ናት የነገረችኝ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ቆመው ሳለ ከመካከላቸው አንዲት ሴት ዞር ብላ ወደ መስኮቱ ሄደች አለችኝ። መጋረጃውን በጣቷ ገለጥ አድርጋ አየች። ቆይታ አየች። ፖኩዋ «ወሬ የምታይ ሳይሆን ፊልም የምታይ ነው የምትመስለው» አለችኝ። እንዲያውም ፈገግ አለች አሉ። ከዚያ መጋረጃውን መልሳ፣ ቀስ አድርጋ፣ ተመለሰችና ሽማግሌዎቹን «ሰምታችኋል እኮ፣ ከዚህ በላይ ምን እንጠብቃለን?» አለቻቸው። መኪናው ውስጥም ቀድማ የገባች እሷ ናት አሉ። ለሽማግሌዎቹ በሩን ልትከፍትላቸው ይሆናል።

ማን ናት? … እኔ ምን አውቃለሁ! ፖኩዋ የልብሷን ቀለም ነግራኝ ነበር። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ታፎ ውስጥ ያለ የሴት ቀሚስ ግማሹ ከእጄ የወጣ ነው። ያንንም ልብስ የሰፋሁት እኔው ሳልሆን አልቀርም፤ ወገቡን ሁለት ጊዜ ያሰፋሁት፣ ለቁልፍ ብላ ትልቅ ኪስ ያስጨመረችበት። ቀለሙን ግን ረሳሁት። የደንበኛ ምስጢር አላወጣም።

ደግሞ ምን አጠፋች? ያየችውን ላለመናገር መምረጥ ጨዋነት አይደል? ምናልባት ፀሐዩ ዓይኗ ውስጥ ገብቶባት ይሆናል። በመስኮት አጮልቆ ማየት እንኳ ከእንግድነት ወግ ትንሽ ወጣ ያለ ነው፤ ታዲያ «በመስኮት አየሁ» ብላ ሽማግሌ ፊት እንዴት ትናገር? አፍራ ነው። አፋር ናት። ቴሌቪዥን አይታ አታውቅም እንዳልል፣ እዚህ ሳሎን ውስጥ ያለው ከእኔው ይበልጣል። ቅድም ስገባ አየሁት። አጭሩም ሳጥን በቦታው ነው፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር፣ ልክ ወረቀቱ ላይ እንዳለው። እንዴት አምሮ ተገጥሟል! የገጠመችው ሰው ድምፁ በየት እንደሚወጣ አሳምራ ታውቃለች። እኔ ከእሷ ብማር ኖሮ ይህ ሁሉ አይደርስብኝም ነበር። «ሰዎች፣ የሚናገረው ፊልም ነው» ማለት እኮ አንዲት ቃል ናት፤ ግን ዐዋቂ ሰው ያወቀውን ሁሉ አይዘረግፍም። እኔ ነኝ እንጂ የማላውቀውን እንኳ የምለፈልፍ።

ወንድሟን … አይ፣ ኒማኮን ማለቴ ነው። ኒማኮ ኦቡዋሲ ማዕድን ማውጫው ላይ ነው፣ ይህን ሁሉ አላየም። «ተሳቀብን፣ ተዋረድን» ተብሎ በስልክ ተነግሮታል። እንዴት ደከመች ይቺ ሰው! ሽማግሌዎቹ ቤታቸው ሳይደርሱ፣ ለሱ ነግራ ጨርሳለች አሉ። ከዚያ ወዲህ የልጄን ስልክ አያነሣም።

አንቲ ፎሱዋ፣ እስካሁን ልጄን እንደ ዋዛ ነው ያወራሁት። አሁን ግን አልስቅም። አቺያ እህል አትቀምስም። የፉፉ ሳህኑን እንደሰጠኋት አድርጋ ትመልስልኛለች። ያ ጠፍቶ የተቀመጠ ቴሌቪዥን ፊት ትቀመጥና በጥቁሩ መስታወት ውስጥ የራሷን ፊት ታያለች። «እማ፣ ያጨበጨብሽው አንቺ ነሽ?» አለችኝ ትናንት። አዎ አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ? ልጁን ትወደዋለች። እሱም ይወዳታል፤ የሚወዳት ባይሆን ኖሮ እንዲህ ባልተናደደ ነበር። ለዚህ ነው በእግሬ የመጣሁት። ለኔ ኩራት ቢሆን ቤቴ ቁጭ ብዬ እሰፋ ነበር።

አንዳንድ ሰው «አቺያ ከገባች የዚህ ቤት ቁልፍ ማን ዘንድ ይሆናል?» ብሎ ይጨነቅ ይሆናል። ለምን ይጨነቃል? ልጄ ቁልፍ ይጠፋባታል፤ የራሷን ሳጥን ቁልፍ እንኳ ስንት ጊዜ ቀይረናል! እሷ የምትፈልገው ሰውዬውን ነው። ቁልፉን፣ ጓዳውን፣ ዶሮውን፣ የበር መስተዋቱን መወልወሉን ለለመደው ሰው ትተዋለች። ወንድም ሚስት አገባ ተብሎ እህት ከቤት ትወጣለች እንዴ? እኛ እንደዚያ አናውቅም። እንዲያውም አንድ ክፍል ቢለቀቅላት፣ መቀመጫዋን ብታገኝ … ሰው በሰው ቤት ሲኖር አርፎ መኖር አለበት አይደል? ማለቴ፣ በወንድሙ ቤት። ያው ነው።

ምን ሆነ? መስኮቱ ተዘጋ? … ነፋሱ በረታ መሰለኝ። ካውያው ደግሞ የሆነ ነገር ያቃጠለ ይሸታል። ልብስ እንዳይሆን ብቻ። ወገቡን እኔ ሦስተኛ አላሰፋውም።

አንቲ፣ ምን እየፈለጉ ነው? … ጫማዎን? ኧረ እኔ ላቀብልዎ። ይኸው፣ ከወንበሩ ሥር ነው። ምርኩዙም ይኸው። … ኦፓኒን ዶንኮር ቤት? አሁን? በዚህ ፀሐይ? ኧረ ጉልበትዎ … እሺ። እሺ፣ እርስዎ ካሉ። ክንዴን ይያዙ።

እግዜር ያክብርልኝ። እርስዎ ከነገሯቸው ያምኑዎታል፤ የእርስዎን ቃል ማን ይመልሳል? ለኒማኮም እርስዎ ራስዎ ይደውሉለት። ከሌላ ሰው ስልክ ሳይሆን ከእርስዎ ይስማው። ልጁ ብልህ ነው፣ ይስቃል። እኔን አብሮ ይሳቅብኝ፣ ግድ የለኝም። «አማቴ ንግግር የሚወጣበትን ሳጥን በር ላይ ሰቀለች» እያለ ለልጆቹ ይንገር። ልጆች ይኑሩት እንጂ።

መቼ አሉኝ? … ቅዳሜ? የፊታችን ቅዳሜ? … ይቆዩ አንቲ፣ ትንሽ ልቁም። እንባ አይደለም፣ አቧራው ነው። ሐርማታን አልኩዎት።

ቅዳሜ ከመጣችሁ እንግዲህ ይስሙኝ። ያን ሁሉ ሳጥን ነቅዬ አልጋ ሥር ከትቼዋለሁ። የባለቤቴ ፎቶ ወደ በሩ አናት ተመልሷል፤ እሱ ነፍሱን ይማረውና ቢጮህ እንኳ አይሰማም። ቴሌቪዥኑን በአንሶላ እሸፍነዋለሁ። መጋረጃው ገና ገመዱ አልወጣለትም፣ ማንም እንዳይነካው ብቻ። ዎፋ ከማለዳ ጀምሮ በረንዳ ላይ በወንበር ይቀመጣል፤ ደግሞ ተቀምጦ ሲጠብቅ ካገኛችሁት ምኑን ታንኳኳላችሁ? ወጉ እንዳይፈርስ፣ መኪናችሁን ሲያይ ሮጦ ይገባና በሩን ይዘጋል። ካንኳኳችሁ በኋላ «ማን ነው?» ይላል። በዚያ ሆዱ ሲሮጥ ለማየት ብቻ እንኳ መምጣት ነው።

ሁላችሁም ኑ። አንድም ሰው እንዳይቀር። ያችም ብትመጣ ደስታዬ ነው፤ ከፊት ወንበር አስቀምጣታለሁ፣ በመስኮት እንዳትቸገር። ካልመጣችም አልቀየምም፤ ሥራ ይበዛባታል።

ብቻ በእኔ ሰበብ ያን ቀን ጆሮዋ ተረበሸ፤ ያ ያሳዝነኛል። ጩኸት የማትወድ፣ እርጋታ የምትወድ ሰው ናት። እኔ ድሃ ምን አለኝ፣ ምርቃት ነው ያለኝ። አሁን በሯ ላይ ስናልፍ ልመርቃት፣ ከሰማች ትስማ፣ ካልሰማችም ፈጣሪ ይሰማል።

ልጄ፣ አንቺ ደግ ሰው፣ እግዜር ከወንድምሽ ቤት አይለይሽ። ዕድሜ ሰጥቶሽ እዚሁ ሸብተሽ፣ እዚሁ ጎብጠሽ ያሳይሽ። የወንድምሽን ልጆች ስመሽ፣ አዝለሽ፣ ሲዳሩ እልል ብለሽ አስገቢ። ምንም ጩኸት አይድረስብሽ፤ ሰላምሽን የሚነሣ አይምጣብሽ። እስከ ዕድሜሽ ፍጻሜ አንድም ሰው በርሽን አያንኳኳብሽ። አሜን በይ እንጂ፣ ልጄ።